ቦታውን ስትቀይሩ መጠኑንም አስቀንሱ

ስለ ኢንሱሊን መወጊያ ቦታ ይህን የምጽፈው ኢንሱሊን የሚወጉ አዋቂዎችን ለምትንከባከቡ ነርሶች ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በታካሚ ላይ የማላደርሰው ጉዳት ነበር።

የተለመደውን በአጭሩ ልለፈው። የደም ስኳር ከመለካቴ በፊት የታካሚውን እጅ በውኃና በሳሙና አስታጥቤ አደርቃለሁ፤ ጣፋጭ የነካ ጣት ስኳሩን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። የምወጋውም የጣቱን ጎን ነው፤ ጫፉ ያማል። ደፍራሹን ኤን ፒ ኤች፣ ማለትም ለብዙ ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን፣ በመዳፎቼ መካከል 10 ጊዜ አንከባልላለሁ፣ 10 ጊዜ እገለብጣለሁ፤ አልንጠውም። ከሬጉላር፣ ማለትም ፈጥኖ ከሚሠራው ጥርት ያለ ኢንሱሊን፣ ጋር ስቀላቅል ጥርት ያለውን አስቀድሜ እቀዳለሁ፣ ደፍራሹን አስከትላለሁ። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘውን ኢንሱሊን ለ100 በተሠራ ሲሪንጅ ብቻ ቅዱ፤ ለ40 በተሠራው ከተቀዳ ታካሚው የታዘዘለትን ሁለት ተኩል እጥፍ ይወስዳል።

ያበላሸሁት የመወጊያውን ቦታ ነው። የአንድ ታካሚ የጠዋት ስኳር ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር አልወርድ አለ። መጠኑ በተደጋጋሚ ተጨመረ፤ ቻርቱ ላይም «ምግባቸውን አይጠብቁም» ተብሎ ተጻፈ። ሆዳቸውን የዳሰሰ ግን አልነበረም፤ እኔም አልዳሰስኩም። ዘግይቼ ስዳስስ ከእምብርታቸው ግራና ቀኝ ጠጠር ያለ፣ የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት አገኘሁ። ሊፖሃይፐርትሮፊ የሚባለው ነው። በዚያው ጠዋት መርፌውን ወደ ጭን አዛወርኩት፤ ዩኒቱን ግን እንዳለ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቃቸው፣ ንግግራቸው ተምታታ፣ መለኪያው 41 አሳየ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢንሱሊን ራሱ ስብ ያሳድጋል። አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም፣ በተለይም አንዱ መርፌ ለብዙ ቀን ሲያገለግል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ያብጣል። እዚያ ሲወጉ ሕመሙ ስለሚቀንስ ታካሚው ቦታውን ይወደዋል። ከእብጠቱ ውስጥ ግን መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎና ሳይስተካከል ነው፤ ዛሬ የገባው ያህል ነገ አይገባም። ስኳሩ ሲወጣ መጠን ይጨመራል። ያ የተጨመረው መጠን ጤነኛ ሥጋ ሲያገኝ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል።

እስካሁን የሚያናድደኝ ቻርቱ ነው። የመጠን ዓምድ አለው፣ የሰዓት አለው፣ የፊርማ አለው፤ የቦታ የለውም። ተቆጣጣሪው የሚያየው ፊርማው መሟላቱን ብቻ ነበር። በራሴ የምናደደው ግን ይበልጣል፤ ሐኪሙን መጠየቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። «የሚወጉበትን ቦታ እስቲ በጣትዎ ያሳዩኝ» እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጣታቸው ሳያመነታ እብጠቱ ላይ ያርፋል። አስተኝቼም አስቁሜም አያለሁ፣ መብራቱን ከጎን አደርጋለሁ። እጄን በጄል ወይም በሳሙና ውኃ አለስልሼ በጣቶቼ ሆድ እያዞርኩ በዝግታ እዳስሳለሁ፤ ዓይን የማያየውን ብዙ እብጠት ጣት ያገኘዋል። ጤነኛው ቦታ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ ይሳሳል፣ ያበጠው አይሳሳም። ዳርቻውን፣ ታካሚው ከፈቀደ፣ በእስክሪብቶ አከብበውና ለክቼ እመዘግባለሁ።

ከዚያ ቦታ ከመቀየሬ በፊት ለሐኪሙ እነግራለሁ። የሚያስፈልገው ቅናሽ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ይደርሳል፣ ሊበልጥም ይችላል፤ የሚወስነው ሐኪሙ ቢሆንም ጥያቄውን ማንሳት ያለባት ቦታውን የምትቀይረው ነርስ ናት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከየምግቡ በፊት፣ ከመኝታ በፊትና ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ እለካለሁ።

ስኳሩ ከ70 ከወረደና ታካሚው መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣለሁ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እለካለሁ፤ ካልወጣ እደግማለሁ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ 1 ሚሊግራም ግሉካጎን (የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ሆርሞን) በጡንቻ ወይም ግሉኮስ በደም ሥር ነው። መመሪያው ከ70 ካለፈ በኋላ ምግብ ስጡ ይላል፤ ለኤን ፒ ኤች ይህ ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም። መድኃኒቱ ለብዙ ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ካበላሁ በኋላም በየሰዓቱ እለካለሁ።

«ቦታ እየቀያየሩ ይውጉ» የሚለው ምክር ብቻውን ምንም አይሠራም። በሥዕል አሳዩ፦ ሆድ ለአራት ይከፈላል፣ አንዱ ክፍል ለአንድ ሳምንት ያገለግላል፣ በሁለት መርፌ መካከል የአንድ ጣት ስፋት ይተዋል፣ ከእምብርት 5 ሴንቲሜትር ይራቃል። ጠዋት ሆድ፣ በማግስቱ ጠዋት ክንድ፣ ቀጥሎ ጭን ማለትን ግን አልቀበልም። ከሆድ ፈጥኖ፣ ከጭን ዘግይቶ ስለሚገባ ስኳሩ ይዋዥቃል። ለአንድ የመወጊያ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ የሰውነት ክፍል፤ የመኝታው ኤን ፒ ኤች ለጭን ይስማማል። በፔን (እስክሪብቶ በሚመስለው የኢንሱሊን መወጊያ) ለሚወጉ አዋቂዎች፣ ወፍራም ለሆኑትም ጭምር፣ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ በቀጥታ ተተክሎ እስከ 10 ተቆጥሮ ቢወጣ ይበቃል። በሲሪንጅ ላይ ያለው 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቆዳው ይቆንጠጥ።

እብጠቱ የሚሟሟው በወራት ነው። ታካሚው ሕመም ሲሰለቸው ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳል፣ ስኳሩም እንደገና ይወጣል። ለዚህ ነው በየመርፌው ከፊርማዬ አጠገብ ቦታውን የምጽፈው፤ «ግራ፣ የላይኛው ሆድ»። ተረኛዋ ነርስ ከዚያው ትቀጥላለች፤ ስኳሩ ያለ ምክንያት ከወጣም መጠን ከማስጨመሯ በፊት የት እንደምትዳስስ ታውቃለች።