የሩዝ ገለፈት ጥቁር ሆኖ ወደ ማሳው ሲመለስ

ሩዝ ያጨደ ሰው የቅጠሉን ጠርዝ በእጁ ያውቀዋል። እንደ ጥሩ መጋዝ ይፍቃል። የሚፍቀው ሲሊከን፣ ማለትም በአሸዋና በመስታወት ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው። ሩዝ ለ10 ኩንታል ያልተፈለፈለ ፍሬ ከአፈር የሚስበው ናይትሮጅን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሲሆን፣ ሲሊከኑ ግን በአማካይ 80 ኪሎ ይደርሳል። ስለ ዩሪያ ሁሌ እናወራለን፤ አራት እጥፍ ስለሚወጣው ነገር ግን የሚጠይቅ የለም።

ሥሩ የሚወስደው በውሃ የሟሟውን ሲሊሲክ አሲድ ነው። ከአገዳው ወደ ቅጠሉ ይወጣል፤ ውሃው በፀሐይ ሲተን ሲሊከኑ እዚያው ይቀርና ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ደርቆ እንደ ቀጭን መስታወት ይሆናል። ብላስት የተባለውን የሩዝ በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ያንን ሽፋን ለመብሳት ይቸገራል፣ አገዳ ቆርቋሪ ትልም ጥርሱ ይዶለዱማል። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የታችኛውም ብርሃን ያገኛል፣ ሰብሉም በቀላሉ አይጋሽብም። ዩሪያ ሲበዛበት የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ይንጠለጠላል፣ በሽታ ይጠራል። ሲሊከን ዩሪያን አይተካም፤ ዩሪያው የሚያመጣውን መለስለስ ግን ይቀንሳል። ጃፓኖች ሲሊካን በይፋ የማዳበሪያ ዓይነት አድርገው የተቀበሉት በ1955 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ፎገራ እንምጣ። ሩብ ሄክታር ላይ 10 ኩንታል ሩዝ ተገኘ እንበል። ከወፍጮ ቤት የሚወጣው ገለፈት አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 2 ኩንታል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ሲሊካው (ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ማለት ነው) ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚሆን፣ 36 ኪሎ ያህል እናገኛለን። ማሳውን ለቆ የወጣው ግን በሲሊካ ሲሰላ 170 ኪሎ ነው። የቀረው የት ሄደ? ጭዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገለፈቱን ብቻ መልሶ «ሲሊከን ሰጠሁ» ማለት የሒሳቡን አንድ አምስተኛ መክፈል ነው። በገለፈቱ የምንጀምረው ግን ማንም ስለማይሻማበት ነው፤ ጭዱን ከብት ይፈልገዋል፣ ገለፈቱ በየመፈልፈያው ጓሮ ተቆልሎ ይበሰብሳል ወይም ይነዳል።

ጥሬውን ገለፈት እንዳለ መበተን አይመከርም። ለመበስበስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ሲበሰብስም የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፤ ማሳው ውሃ ሲይዝ ደግሞ ተንሳፍፎ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። መፍትሔው ማክሰል ነው፤ ማክሰል እንጂ ማቃጠል አይደለም። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገለፈት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በዝግታ ሲከስል ሲሊካው ልቅ ሆኖ ይቀራል፣ በውሃም ቀስ በቀስ ይሟሟል። ከዚያ በላይ ሲግል ሲሊካው ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል፤ ለሩዙ ከአሸዋ ብዙም አይሻልም። የጡብ ምድጃ ነጭ አመድ ለዚህ ሥራ የማይረባው ለዚህ ነው።

አከሳሰሉ እንዲህ ነው። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይያዝና ጎኑ ዙሪያውን በምስማር ይበሳ፤ ቀዳዳው ገለፈት የማያስገባ ጠባብ ይሁን። ሲደፋ ወደ ላይ በሚሆነው ግርጌው ላይ ከቆርቆሮ የተጠቀለለ የጭስ ማውጫ ይተከል፤ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። ነፋስ በማይበዛበት፣ ከሣር ክዳንና ከክምር በራቀ ቦታ ላይ ጭራሮ ተለኩሶ ቆርቆሮው ይደፋበትና፣ ደረቅ ገለፈት ዙሪያውን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ይከመራል። እሳቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይመጣል፤ ነበልባል ግን መታየት የለበትም። ላዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲወጣ ከግርጌ ያለውን ቢጫ ገለፈት በአካፋ እያነሱ ወደ ላይ መመለስ ነው። እንደ ክምሩ ትልቅነትና እንደ ገለፈቱ ድርቀት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ሲጠቁር የጭስ ማውጫው ይነሳና ክምሩ በስሱ ተበትኖ እያገላበጡ ውሃ ይጠጣል።

ውሃው ላይ መሰሰት አይገባም። ላዩን ብቻ ካረጠቡት ውስጡ ሌሊቱን ሲጨስ ያድርና ጠዋት ነጭ አመድ ሆኖ ይገኛል። በዚያው ቀን ኬሻ ውስጥ መክተትም አደጋ ነው፤ አንዲት ፍም ኬሻውንም ጎተራውንም ትበላለች። ከአንድ ኩንታል ገለፈት 35 ወይም 40 ኪሎ ከሰል ይገኛል፤ ሲሊካው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው ነው። ጥሩ የከሰለው አንዱ ፍሬ ጥቁር ሆኖ የጀልባ ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል፣ በሁለት ጣት ሲታሽ ይደቃል። ግራጫ ዱቄት ከሆነ እሳቱ በዝቶበታል፤ ያም ቢሆን አይጣል፣ ፋይዳው ግን ያነሰ ነው። ብናኙ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ነጩ አመድ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከሰሉንም አርጥቦ መሥራት ግዴታ ነው።

አነስተኛ ከሰል ያለው ሰው ሁሉንም ለችግኝ መደብ ይስጠው። በአንድ ካሬ ሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል፤ አንድ ሜትር በአሥር ሜትር ለሆነ መደብ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። ዘር ከመዘራቱ በፊት ከላይኛው የአፈር ንብርብር ጋር ይደባለቃል። በህንድ ማሃራሽትራ «ቻር ሱትሪ» የሚሉት የሩዝ አመራረት መጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው። ችግኙ ጠንክሮ ስለሚወጣ ሲነቀልም ሥሩ ብዙ አይበጠስም።

በብተና ለሚዘራ ማሳ ለሩብ ሄክታር 2 ኩንታል ተኩል ከሰል ያስፈልጋል፤ ይህም 7 ኩንታል ያህል ገለፈት ነው፤ ከራስ ምርት ስለማይሞላ ከወፍጮ ቤት መጫን ግድ ይላል። በመጨረሻው እርሻ፣ ከመዝራት ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል። ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አይበተንም። አመድነት ያለው ነገር ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ለውጦ ወደ አየር ያባርረዋል፤ በገንዘብ የተገዛ ናይትሮጅን ሽታ ሆኖ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ዩሪያው እንደ ወትሮው ሲያቆጠቁጥና ዛላ ሊይዝ ሲል ይሰጥ።

ስለ ጭዱ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። ከመሬት ጋር አስጠግቶ ከማጨድ ይልቅ 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ቆረን ማስቀረት፤ ከብቱም አይጎዳም፣ የሲሊከኑ አንድ ክፍል ከማሳው አይወጣም። ቆረኑ ኅዳር ላይ አፈሩ እርጥበት ሳለ ከተገለበጠ እስከ ሰኔ ይበሰብሳል። ሊዘራ ሲሉ መገልበጥ ግን ቡቃያውን ያስቢጫል፤ እየበሰበሰ ናይትሮጅኑን ይወስድበታልና።

ከብቱ የበላው ጭድ ሲሊካም አይጠፋም። ሆድ አይፈጨውም፤ በእበት ይወጣል። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ አመዱ ውስጥ ይቀራል። እናቶች ድስት የሚፈትጉበት አመድ የሚፍቀው አንዱም በዚህ ነው። የኩበት አመድ በየቀኑ ተጠራቅሞ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ቢቀመጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሞላ የሲሊካ ጎተራ ነው፤ ከጥቁሩ ከሰል ጋር ተቀላቅሎ ለመደብ መዋል ይችላል። የፖታስየም ድርሻም አለው።

በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ዲያቶማይት የሚባለው ድንጋይም ሲሊካ ነው፤ ግን ለፎገራ ገበሬ የማጓጓዣው ዋጋ አያዋጣም። ጓሮ ላይ የተቆለለውን ትቶ ድንጋይ በመኪና መጫን ተገቢ አይመስለኝም።

የፎገራ ጥቁር አፈር ከጥቁር ድንጋይ የመጣ በመሆኑ ሲሊከን ጨርሶ የተራቆተ አይደለም። በጣም የታጠበና ኮምጣጣ ቀይ አፈር ላይ ውጤቱ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቁሩ አፈር ላይ በዝግታ ነው የሚመጣው፣ በየዓመቱ ጭድ እየወጣበት ላለ ማሳ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሙሉውን ማሳ ከማልበስ በፊት አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ጥግ ከሰል ሳይደረግበት ይቅር፤ ሌላው ሁሉ፣ ዘሩም ዩሪያውም፣ እኩል ይሁን። ዛላው ሲወጣ ከሁለቱም በኩል ሃያ ሃያ ተክል ነቅሎ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባቸውን ቅጠሎች መቁጠር፤ የዛላው አንገት የጠቆረውንም ለብቻ። ሲታጨድ ከከሰሉ በኩልም እኩል አምስት በአምስት ለክቶ፣ ሁለቱን ለየብቻ ወቅቶ ለየብቻ መመዘን ነው።