ስለ ጤናማ አመጋገብ ሳነብ የምፈልገው ቁጥሩን ነው

ተማሪ ስለ ጤናማ አመጋገብ ማንበብ ሲጀምር መጀመሪያ ሳቁ ይመጣል። አጃ በብሉቤሪ፣ የተጠበሰ ሳልመን... የካፌ ሽሮ ለሚበላ ሰው ምኑ ነው? ሲቆይ ደግሞ ሳቁ ወደ ፍርሃት ይዞራል፤ እንጀራ ስኳር ያመጣል፣ ዘይት ልብ ይጎዳል፣ ዳቦ አይነካም። ከሁለቱም የወጣሁት የምግቡን ስም ትቼ መጠኑን መፈለግ ስጀምር ነው። አሁን ስንት ግራም እንደሆነ የማይናገር ጽሑፍ ከሆነ አልጨርሰውም።

ለመነሻ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጣቸው ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፤ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ማለትም 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ወደ 50 ግራም፤ አትክልትና ፍራፍሬ ቢያንስ 400 ግራም። ማርና ጁስ ከስኳሩ ይቆጠራሉ። ድንች ግን ከ400ው አይገባም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ቁጥሩን ወደ ማንኪያ መመንዘር ነው ቀጣዩ ሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ሳይቆለል 4 ግራም ነው። በቀን ሦስት ሻይ፣ እያንዳንዱ በሦስት ማንኪያ፣ 36 ግራም ሆነ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ከ30 ግራም በላይ ስለሚይዝ ሲደመር ገደቡ ታለፈ፤ እንጀራው ገና ሳይነካ! ስለዚህ መቀነስ የሚጀመረው ከሻዩ ነው። በአንዴ ማቆም አይዘልቅም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ሲቀነስ ምላስ ሳያውቀው ይለምዳል።

ሽሮን በተመለከተ ንባቡ ከፍርሃት ይልቅ አክብሮት ነው የጨመረልኝ። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች እህል የሚያንሰውን ላይሲን ጥራጥሬ ይሞላል፣ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን እህል ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ ትክክለኛ ጥምረት ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬን ይመክራል። ችግሩ ያለው ቅጥነቱ ላይ ነው። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ለአንድ ሰው 50 ግራም፣ ማለትም አምስት የተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ሲገባ 10 ግራም ይገኛል። በሁለት ማንኪያ ዱቄት ድስት ሙሉ ከተሠራ የተበላው ውሃ ነው። የተመጠነ ሽሮ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ስላለው ሳይቀመስ አይጨመርበትም። አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ ከእሳት ሊወርድ ሲል ቢገባ ይሻላል፣ አዮዲኑ በሙቀት ይቀንሳልና።

ሌላው ሻይ ነው፣ በስኳሩ ሳይሆን በሰዓቱ። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት አስሮ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይጠቅማል፤ በተለይ የወር አበባ ለሚያዩ ሴት ተማሪዎች። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል፤ ከበያይነቱ ጎን ያለችው ጥሬ ቃሪያ፣ ሰላጣው ላይ የሚጨመቀው ሎሚ ይህን ይሠራሉ። ሲንተከተክ የዋለ ጎመን ግን አብዛኛውን ቫይታሚን ሲ ስለሚያጣ ቃሪያዋን መተው አያዋጣም።

ጥራጥሬ ለመጨመር የተነሳ ሰው ሆዱ ሲነፋ ወዲያው ያቆማል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ቢቀቀል፣ መጠኑም በሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ቢያድግ መነፋቱ ይቀንሳል።