ተማሪ ተማሪን ሲያጠቃ የርዕሰ መምህሩ ሥራ ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ በሌላ ተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጽሟል የሚል ነገር ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን። ልጅቷ ትጠራለች። ለክፍል ኃላፊዋ የነገረችውን ለምክትሉ ትደግማለች፣ ለዋናው ትሠልሳለች። ከዚያ ልጁ ይጠራና ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ «በሉ ይቅር ተባባሉ፣ የትምህርት ቤታችን ስም አይጥፋ» ይባላል።

መምህር ነኝ፤ ይህ አካሄድ በጣም ያናድደኛል። ርዕሰ መምህር መርማሪም ዳኛም አይደለም። ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን አጣርቶ የሚወስን ሌላ አካል አለ። የእሱ ሥራ ልጆቹን ከተጨማሪ ጉዳት መጠበቅና ጉዳዩን ለሚመለከተው ማድረስ ነው። ያውም በዚያው ቀን። ደጋግሞ ማስነገር ልጅቷን መልሶ ይጎዳታል፤ የምትሰጠው ቃልም በጥያቄ ብዛት ይበረዛል፣ በኋላ ምርመራው ላይ የሚያስቸግረውም ይሄው ነው። መስማት፣ የተናገረችውን በራሷ ቃል ከነቀኑና ከነሰዓቱ መጻፍ፣ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አለመግባት፤ ይበቃል። «ለምን አልጮኽሽም?» የሚባል ጥያቄማ ከዚያ ቢሮ ለዘላለም ይውጣ።

ስለ ጊዜ ላስረግጥ። አስገድዶ መድፈር ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፣ እሱም ሲዘገይ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አርብ ከሰዓት የተነገረን ነገር «ሰኞ ኮሚቴ ሰብስበን እናየዋለን» የሚል ኃላፊ ከ72ቱ ሰዓት አብዛኛውን በልቶባታል።

ነገሩ በስልክ የተላከ ምስል ሲሆንም እንዲሁ ነው። ለማረጋገጥ ብሎ ምስሉን ወደ ራሱ ስልክ የሚያስልክ፣ ለባልደረባ የሚያሳይ ኃላፊ አለ። በብዙ አገሮች የሕፃን ወሲባዊ ምስል መያዝና ማስተላለፍ ወንጀል ነው፣ መምህር መሆን ነፃ አያወጣም። ስልኩን ሳይከፍቱ ማስቀመጥና ለፖሊስ ማስረከብ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፦ ቦታ የሚለቀው ማነው? ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ተጎጂዋ ናት። ክፍል የምትቀይረው እሷ፣ ከስፖርት ቡድኑ የምትወጣው እሷ፣ «እስኪረጋጋ ቤት ቆዪ» የምትባለው እሷ። አንዳንዴማ ከአጥቂዋ ለመራቅ ስትለምን እሱም አይፈቀድላትም። አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያ ግዛት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ለወራት ሲተናኮላት እናቷም እሷም ደጋግመው አመለከቱ። መቀመጫ እንድትቀይር እንኳ የተፈቀደላት ከሦስት ወር በላይ ካመለከተች በኋላ ነው። ልጁ በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1999 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ትምህርት ቤት ከባድ ትንኮሳ እንዳለ እያወቀ ሆን ብሎ ችላ ካለ ሊጠየቅ እንደሚችል ተወሰነ። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ! የአንዲት ልጅን መቀመጫ መቀየር ይህን ያህል ከባድ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ተጎጂው ወንድ ልጅ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ነገሩ እንደ ጨዋታ ይታለፋል። ያም ጥቃት ነው።

ጥቃት ፈጸመ የተባለውስ? እሱም ልጅ ነው፣ ይህን ስል ጥፋቱን እያቀለልኩ አይደለም። ከእሷ መለየት፣ በትምህርት ቤት መኪና፣ በመጸዳጃ ቤት አካባቢና በእረፍት ሰዓት የሚከታተለው ትልቅ ሰው መመደብ፣ ለወላጆቹ መንገር፣ ባለሙያ ጋ መላክ ያስፈልጋል። እንዲህ ያደረጉ ልጆች ተገቢውን እርዳታ ካገኙ አብዛኞቹ አይደግሙትም። ዝም ብሎ መሸኛ ጽፎ ማባረር ግን፣ ያውም ለሚቀበለው ትምህርት ቤት ምንም ሳይናገሩ፣ አደጋውን ወደ ሌሎች ልጆች ማሻገር ነው። ስሙን በሰልፍ ላይ መጥራትም እርምጃ አይደለም።

«ጉዳዩን ፖሊስ ይዞታል» ማለት ደግሞ እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ምርመራው ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ሁለቱ ግን ነገ ጠዋት አንድ በር ነው የሚገቡት። ማስረጃ አነሰ ተብሎ መዝገቡ ቢዘጋ እንኳ ልጅቷ ዋሽታለች ማለት አይደለም፤ ጥበቃው በዚያ ቀን አይነሳም።

በ2021 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የትምህርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት 32 ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ሄዶ ከ900 በላይ ልጆችን አነጋግሮ ነበር። የማይናገሩበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ከተናገሩ በኋላ የሚሆነው ከእጃቸው እንደሚወጣና ጓደኞቻቸው እንደሚያገሏቸው መፍራታቸውን አንስተዋል። ይሄ ፍርሃት መልስ አለው። ለልጅቷ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ አስቀድሞ መንገር፣ የትኛውን መምህር ማነጋገር እንደምትፈልግ መጠየቅ፣ በየሳምንቱ ጠርቶ «ክፍል ውስጥ እንዴት እየሆነ ነው? የሚያስቸግርሽ አለ?» ማለት። ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ፣ ክፍል ስትዛወርም ለሚቀጥለው ኃላፊ በጽሑፍ አስረክቦ።