ፊሽካ የማይሰማው የግራ ክንፍ

ደሴ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የሰፈር ኳስ ይጀመራል። ሜዳው ይጨቀያል፤ ከጦሳ ተራራ ላይ ጉም ይወርዳል፤ ልጆቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በክረምት ደግሞ የታዳጊዎችን ውድድር እዳኛለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ ልጅ ምክንያት የተነሣው ክርክር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ለሌላ ሰፈር ዳኛና አሠልጣኝ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

ልጁ ከ13 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ የግራ ክንፍ ነው። መስማት የተሳነው ነው። ሲሮጥ አይያዝም። በመጀመሪያው ጨዋታ ፋውል ተሠርቶ ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ቆመ። እሱ ግን ኳሷን ይዞ በረኛውን አለፈና አገባ። እጁን ዘርግቶ ሲዞር የተከተለው ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ኳስ ሊያነሣ ያጎነበሰ ተከላካይ ላይ በሙሉ ፍጥነት ደረሰበት። ተከላካዩ ወደቀ፤ ደግነቱ አልተጎዳም። ተመልካቹ ግን ሜዳውን በጩኸት አናወጠው።

ያን ቀን የመስመር ዳኛ ነበርኩ። እሱ የሚሮጠው ደግሞ በእኔ በኩል ባለው መስመር ነበር። ስለዚህ ከመሐል ዳኛው የበለጠ አየዋለሁ። ኦፍሳይድ ሆኖ ባንዲራዬን ሳነሣ ልጁ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዴ እንዲያውም ሌሎቹ ገና እየሮጡ እሱ ቀድሞ ኳሷን አስቀምጦ ተመለሰ። በፋውል ጊዜ ግን አይቆምም። ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ልጁ ሥርዓት አላጣም፤ ለኦፍሳይድ የሚታይ ምልክት አለ፣ ለፋውል የለም።

ማታውኑ የተሸናፊው ቡድን አቤቱታ አስገባ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ልጁ «ለራሱ ደኅንነት ሲባል» ከተጫዋቾች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ ቀረበ። ክፋት አልነበረበትም። አንዱ የኮሚቴ አባል ከልቡ አዝኖ፣ «ማሊያውን አንነጥቀውም፤ ኳስ አቀባይ ይሁን፤ ከልጆቹ እንዳይለይ» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው። አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከስፖርት የሚያስወጣቸው ጭካኔ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ርኅራኄ ነው። ኳስ አቀባይ፣ ውኃ ያዥ፣ አጨብጫቢ ይደረጋሉ። ማሊያ ይለብሳሉ፣ ፎቶ ላይ ይቆማሉ፣ አይጫወቱም።

እናትየው ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ገብታ እንድትናገር ተፈቀደላት።

«ልጄ ከሸዋ በር እዚህ ድረስ ብቻውን ነው የሚመጣው» አለች። «ባጃጁንም አይሱዙውንም በዓይኑ ነው የሚያልፈው። እዚህ ሜዳ ላይ ምን ሊበላው ነው?»

«እናታችን፣ ለሱ አስበን እኮ ነው» አላት ሰብሳቢው።

«ለሱ ካሰባችሁ የሚያየውን ነገር አሳዩት።»

እኔም ከመስመር ላይ ያየሁትን ተናገርኩ። ኦፍሳይድ ላይ አንዴም አልሳተም። ስለዚህ የመሐል ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ጨርቅ ያንሣ፤ በቃ። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ተጫዋቾች በሚጫወቱበት እግር ኳስ ዳኛው ባንዲራ መያዙ የታወቀ አሠራር ነው። የእነሱ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ዴፍሊምፒክስ ፓሪስ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። መቶ ዓመት ያለፈውን ነገር ዛሬ እንደ አዲስ መከራከራችን ያሳዝናል።

«ታዲያ ለነሱ የብቻ ውድድር ካላቸው እዚያ ይሂድ» የሚል መጣ። «ለአንድ ልጅ ተብሎ ሕግ ይቀየራል?» የሚልም ነበር።

የብቻ ውድድር ጥሩ ነው። ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ ያልተደሰተ የለም። ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ያሉት ሰፈሩ ውስጥ ነው። ከዚያ አስወጥተነው የት ነው የምንልከው? ሕጉንም ቢሆን የእግር ኳስ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ለታዳጊዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሰፈር ጨዋታ ማሻሻያ እንዲደረግ በር ከፍተዋል። እኛ የጠየቅነው ደግሞ ያን ያህል እንኳ አይደለም። የሜዳ ስፋት አልተነካ፣ ደቂቃ አልተቀነሰ። ማየት የተሳናት ያየሽ ጌቴ በፓሪስ ፓራሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 ወርቅ ስታገኝ አጠገቧ መሪ ሯጭ ነበር። መሪው ምልክት ይሰጣታል እንጂ አይሮጥላትም። ጨርቁም እንደዚያው ነው።

አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታና በስፖርት የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኙ ይላል። አንብቤ ስጨርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ለነገሩ ሰዉን ያሳመነው አዋጁ አይመስለኝም። የልጁ አሠልጣኝ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። ተነሥቶ፣ «አቦ አንድ ጨዋታ እንሞክረው፤ ካልሆነ እኔው ራሴ አስወጣዋለሁ» አለ። ተስማሙ።

የሙከራውን ጨዋታ በመሐል ዳኝነት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ፒያሳ ካለ ልብስ ሰፊ የብርቱካን ቀለም ቁርጥራጭ ለመንኩ። ነጭ አይሆንም፤ ጉም ሲወርድ ነጭ ጨርቅ አይታይም። አንድ ክንድ የሚያህለውን ቆረጥኩና ጫፉን በግራ እጄ አንጓ ላይ አሰርኩት። ፊሽካው በቀኝ፣ ጨርቁ በግራ፤ ስነፋ ግራ እጄ አብሮ ይነሣል። ከጨዋታው በፊት ሁለቱን ቡድኖች ሰብስቤ አሳየኋቸው። የተጋጣሚው አምበል፣ «ቲቸር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቢሆንስ?» አለኝ። የልጅ ጥያቄ ብለው የሚያልፉት አይደለም። መልሱንም ያገኙት እነሱ ናቸው። ፊሽካ ሲነፋ ለልጁ ፊት ለፊት ያለ ማንኛውም ተጫዋች፣ የማንም ቡድን ይሁን፣ እጁን ያነሣል።

ሠራ። መጀመሪያ ላይ እጅ ማንሣቱን ረስተው ነበር፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ሳይታዘዙ የሜዳው ልጅ ሁሉ እጁን ያነሣ ጀመር።

አሠልጣኙም የራሱን ዘዴ አመጣ። በዕረፍት ሰዓት ከመጮህ ይልቅ የለስላሳ ቆርኪ መሬት ላይ ደርድሮ፣ ማን የት እንደሚቆም እያንቀሳቀሰ ያሳያል። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቆርኪ ወደ ውስጥ ገፋና ቀና ብሎ አየው። መስመር ላይ ከምቀር ወደ ውስጥ ልግባ ማለቱ ነበር። አሠልጣኙ ፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ የሚሰሙትም ልጆች ያለ ቆርኪ አይገባንም ማለት ጀመሩ።

ቡድኑ ሩብ ፍጻሜ ላይ ወደቀ። በዚያው ጨዋታ ለልጁ ቢጫ ካርድ ሰጠሁት፤ ያመለጠውን ተከላካይ ማሊያ ጎትቶ ነው። በሁለት እጁ እያሳየ «አልነካሁትም» ብሎ ተሟገተኝ፤ እኔም በሁለት እጄ እንዴት እንደጎተተው አሳየሁት። እናትየው ከዳር ሆና፣ «አብሽር ልጄ፣ ቀጥል!» ትላለች። አለመስማቱን እያወቀች ነው።

ያልተፈታው ሌላ አለ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ አንድ አባት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። በክራንች ነው የምትሄደው። «እሷስ?» አለኝ። ሜዳችን ለመድረስ ረጅም የድንጋይ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። የደሴ ሰው ዳገትና ቁልቁለታችንን ያውቀዋል። ጨርቅ አንሥቶ የሚፈታ ነገር አይደለም። ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ መረብ ኳስ እንደምትወድ ነገረችኝ። ተቀምጠው የሚጫወቱት መረብ ኳስ አለ። ሜዳው 10 በ6 ሜትር ነው፤ የሴቶቹ መረብ ከፍታ 1.05 ሜትር ነው። የሰፈሩ አዳራሽ ይበቃል፤ በሩም ደረጃ የለውም። የአዳራሹ ኃላፊ ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ይሆናል ብሎኛል። ወንበሮቹን የሚያነሡልን የግራ ክንፉና ጓደኞቹ ናቸው፤ እነሱም መጫወት እንፈልጋለን ብለዋል። አሁን የቀረን መረብ ነው።