ምርኩዙ የጠፋባቸው አባት

ሰማንያ የሞላቸው የጎጃም አባት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ግብር ሳቢያ የተነሣውን አመፅ ከነዘማቹ ከነቦታው ይተርካሉ። ምርኩዛቸውን ጠዋት የት እንዳስደገፉት ግን ጠፍቷቸዋል። ቤተሰቡም «ጃጅተዋል» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ይቸኩላል ባይ ነኝ።

አእምሮ ባንዴ አይደክምም። ፍጥነቱ መቀነስ የሚጀምረው ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ነው፤ የቃላት ሀብትና በሥራ የዳበረ እውቀት ግን እስከ ስድሳዎቹም ሊጨምር ይችላል። አረጋዊ የቅኔ መምህር የተማሪያቸውን ስሕተት እንደሰሙ የሚያርሙት፣ አዲስ ስልክ ቁጥር መያዝ ግን የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ያየነው ደግሞ ከሌላው ዕድሜ ይበልጥ ይታወሳል፤ የዛሬው የሰማንያ ዓመት አባት በ1960 ጎረምሳ ነበሩ። (አጥርቶ መተረክ ትክክል መሆን አይደለም፤ በተነገረ ቁጥር የሚጨመርበት አለ።) ምርኩዙንማ ሲያስቀምጡት ልብ አላሉትም።

አእምሮ ደክሞ እንደሆነ ለመለየት ፊደል ያልቆጠረን ሰው «የሰዓት ሥዕል ሣል፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነስክ ቁጠር» ማለት ትምህርቱን እንጂ አእምሮውን መፈተን አይደለም። እኔ ብሆን «ዛሬ ማን ነው?» እላለሁ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል ካሉ ቀኑን ያውቁታል። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ረጋ ባለ ድምፅ «ጨው፣ ማጭድ፣ በግ» ብሎ ማስደገም፤ ማስደገሙ መስማታቸውን ያረጋግጣል፣ ያልተሰማ ነገር እንደተረሳ ይቆጠራልና። አምስት ደቂቃ ስለ አዝመራው አጫውቶ መልሶ መጠየቅ። ማጭዱ ከጠፋባቸው «አንዱ የእርሻ ዕቃ ነበር፣ አባባ» ማለት ነው። በፍንጩ ከመጣላቸው ነገሩ ውስጥ አለ፣ ፍለጋው ነው የዘገየው። በፍንጭም ካልመጣ ሐኪም ማማከር ይገባል። ፈተናውን የሚያበላሹት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው፤ አባት እያሰቡ ሳለ ቀድመው ይመልሱላቸዋል።

የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ ማታ ትዝ ማለቱ አያሳስብም። ዕድሜ ልክ የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ ሲጠፋቸው ያሳስባል። ትናንት ደህና የነበሩት ዛሬ ከተቃዡ ወይም የሌለ ነገር ካዩ ግን እርጅና አይደለም፤ መነሻው ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ነው።