ጂ 9.48 ሲወጣ፦ የፔንዱለም ላብ እና ፊዚክስ ተመርቆ ሥራ መፈለግ

ፔንዱለሙ (በክር ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስ) በስተመጨረሻ ጂን፣ ማለትም የምድር ስበት የሚሰጠውን ፍጥንጥን፣ 9.79 ሲደመር ሲቀነስ 0.03 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ብሎ ሰጠ። ከዚያ በፊት 10.87፣ 9.71 እና 9.48 ሲወጣ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ላብ "የፍሬሽማን ነገር" ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ፊዚክስ ተመርቆ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ከብዙ ከባድ ኮርስ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ካልኩለሱን፣ መካኒክሱን፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝሙን በአጭሩ ልለፈው፦ የተሠራ መልስ እያነበቡ "ገብቶኛል" ማለት ጥናት አይደለም። መልሱን ዝጉትና በባዶ ወረቀት ከመጀመሪያው ሥሩት።

ወደ ፔንዱለሙ። ቁመቱ (ከክሩ ማንጠልጠያ እስከ ኳሷ መሀል) 1 ሜትር ከሆነ ፔሬዱ፣ ማለትም ኳሷ ሄዳ የምትመለስበት የአንድ ዙር ጊዜ፣ 2.006 ሰከንድ ነው። በስቶፕዋች ስንለካ እጃችን 0.2 ሰከንድ ገደማ ይስታል። አንድ ዙር ብቻ ከለካችሁ ፔሬዱ ላይ 10 በመቶ ስህተት አለ፤ ቀመሩ ውስጥ (ጂ ማለት 4 ፓይ ስኩዌር በቁመቱ ተባዝቶ ለፔሬዱ ስኩዌር ሲካፈል ነው) ፔሬዱ ስኩዌር ስለሚሆን ጂ ላይ 20 በመቶ ይደርሳል። 20 ዙር በአንድ ላይ ከለካችሁ ያው 0.2 ለ20 ይካፈልና ጂ ላይ 1 በመቶ ብቻ ይቀራል። ሰዓቱን የምታስነሱት ኳሷ ጥግ ስትደርስ ሳይሆን መሀል ስታልፍ ይሁን፤ ጥግ ላይ በጣም ስለምትዘገይ የቆመችበትን ቅጽበት ዓይን አይለየውም።

የተሳሳተው ቁጥር ራሱ የት እንደተሳሳታችሁ ይናገራል። 10.87 የቆጠራ ስህተት ነው፦ ሰዓቱን ሲያስነሱ "ዜሮ" በማለት ፈንታ "አንድ" ከተባለ፣ 20 የተባለው በእውነት 19 ዙር ነው። 9.48 የአንግል ነው፦ ቀመሩ ለትንሽ አንግል የተሠራ ስለሆነ ከ30 ዲግሪ ሲለቀቅ ፔሬዱ 1.7 በመቶ ይረዝማል። በ10 ዲግሪ ልዩነቱ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። 9.71 ደግሞ ክሩን እስከ ኳሷ አናት ብቻ ለክቶ የ1 ሴንቲሜትር ሬዲየሷን የመርሳት ውጤት ነው።

ይኼ ሦስተኛው ነው ልብ የሚያደርቀው፤ ደጋግሞ መለካት አያስተካክለውም። መፍትሔው ግራፍ ነው። ቁመቱን 30፣ 50፣ 70፣ 90 እና 110 ሴንቲሜትር አድርጉና የፔሬዱን ስኩዌር በቁመቱ ላይ ሳሉ። ስሎፑ (የመስመሩ ተዳፋት) 4 ፓይ ስኩዌር ለጂ ሲካፈል ነው፤ 4.02 አካባቢ ይወጣል። ሬዲየሷ ብትረሳም ስሎፑ አይነካም፤ መስመሩ ብቻ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቋሚውን አክሲስ 0.04 ላይ ይቆርጣል (ይህ የመቁረጫ ነጥብ ኢንተርሴፕት ይባላል)። ያቺ 0.04 የተረሳችው ሴንቲሜትር ናት። "ቀመሩ በዜሮ ማለፍ አለበት" ብሎ መስመሩን በግድ በዜሮ የሚያሳልፍ ሰው ግን ስህተቱን ወደ ስሎፑ ያስገባዋል፤ ጂ 9.69 ይወጣበታል። መስመርን በግድ በዜሮ ማሳለፍን አጥብቄ እቃወማለሁ።

በፓይተን የምትሠሩ ከሆነ የሳይፓይ (የፓይተን የሳይንስ ላይብረሪ) ከርቭ ፊት፣ ማለትም መስመሩን ከነጥቦቹ ጋር የሚያገጣጥመው ፈንክሽን፣ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የልኬታችሁን ኤረር ብትሰጡትም "አብሶሉት ሲግማ" የሚባለውን ካላበራችሁ፣ የምትሰጡትን እንደ ንጽጽር ክብደት ብቻ ወስዶ የስሎፑን ኤረር ከነጥቦቹ መበታተን ያወጣዋል። ኤረራችሁን በሰከንድ በትክክል የምታውቁት ከሆነ አብሩት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ "ፊዚሲስት ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አይገኝም። የሕክምና ፊዚክስ በአብዛኛው ማስተርስና የሆስፒታል ልምምድ ይጠይቃል። የምርምሩ መንገድ እስከ ዶክትሬት ይሄዳል፤ ቋሚ ቦታውም ከተመራቂው ቁጥር በጣም ያንሳል። የካሊብሬሽን ላብራቶሪ (መሣሪያዎች በትክክል መለካታቸው የሚረጋገጥበት)፣ የሴንሰርና የመሣሪያ ሥራ፣ የዳታ ትንተናና ፕሮግራሚንግ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪም ክፍት ናቸው። እዚያ የሚፈለገው ደግሞ ከላይ የተባለው ነው። ሲቪ ላይ "ፓይተን እችላለሁ" የሚለውን አጥፉና "ከግራፉ ኢንተርሴፕት የ1 ሴንቲሜትር የልኬት ስህተት አገኘሁ፣ የጂን ኤረር ከ1 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ አወረድኩ" ብላችሁ ጻፉ። ቃለ መጠይቁም ከዚያ ይጀምራል።

ለላብ እንደማደላ አልክድም፤ ቲዎሪ የሚወድ ሰው ሌላ ይላችኋል።

9.79 ደግሞ 9.81 አይደለም ብላችሁ ውጤታችሁን አትጣሉት። ጂ በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታዎቹ 9.83 አካባቢ ነው፤ ከፍታ ሲጨምርም ይቀንሳል። መጀመሪያ የላባችሁን ኬክሮስና ከፍታ እዩ።