«ሐይቅ»ን በ«ሃይቅ» ፈልጎ ያጣ ፕሮግራም

ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ የጭነት መመዝገቢያ ፕሮግራም አውቶማቲክ ቴስት (ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን በራሱ የሚፈትሽ ኮድ) የጻፍኩት ከቀላሉ ጀምሬ ነው። ፕሮግራሙ በፐርል ቋንቋ፣ ሞጆሊሸስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ነው። በቴስት ሞጆ፣ ማለትም በሞጆሊሸስ የቴስት መሣሪያ፣ ገጹን ጠርቶ 200 («ተሳክቷል» የሚል የመልስ ኮድ) መመለሱን ማየት አያስቸግርም። ፎርም ሲላክ ግን የሚመጣው 302 («ወደ ሌላ ገጽ ሂድ» የሚል) ነው፤ ቴስት ሞጆ ካልታዘዘ ወደ ቀጣዩ ገጽ አይሄድም። እኔ 302ቱን አረጋግጬ ቀጣዩን የዝርዝር ገጽ ለብቻው እጠራለሁ፤ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ዋናው ጣጣ ፊደል ነው። የቴስቱ ፋይል አናት ላይ «ዩዝ ዩቲኤፍ8» (ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 የፊደል አጻጻፍ መሆኑን ለፐርል የሚነግር መስመር) ከሌለ ፐርል «ደሴ»ን 2 ፊደል ሳይሆን 6 ባይት አድርጎ ያነበዋል፤ ገጹ ትክክል ሆኖ ሳለ ቴስቱ ይወድቃል። ይህስ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይታያል። የከፋው ኮዱም ቴስቱም ዘንድ ሲረሳ ነው፦ ባይት ከባይት ይገጥምና ሁሉም ያልፋል። ከዚያ «ስም ከ20 ፊደል አይበልጥ» የሚለው ገደብ፣ ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ስለሚቆጥር፣ ኮዱ ውስጥ የተጻፈን ስም ሰባተኛው ፊደል መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጽፈው የ«ኮምቦልቻ» ርዝመት 5 እንጂ 15 አለመሆኑን የሚያይ ቴስት ነው።

ፍለጋው ላይ የጭነቱ መድረሻ የሐይቅ ከተማ «ሐይቅ» ተብሎ ተመዝግቦ ጸሐፊዋ «ሃይቅ» ብላ ብትፈልግ ምንም አይወጣም። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ያስፈልጋል፤ ግዕዙን ብቻ ሳይሆን ሰባቱንም ቤት። ያም ሆኖ «ሃይቅ» አይገኝም፣ ሃ ራሱ ራብዕ ነውና ወደ ሀ መውረድ አለበት። ቴስቱ በመጀመሪያው (በግዕዝ) ቤት ፊደላት ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ይህን አይዝም ነበር።

ለቀን ደግሞ «ዛሬ»ን ከሲስተሙ አልወስድም፣ ከውጭ እሰጠዋለሁ። ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን መቀበል አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ውድቅ ማድረግ አለበት። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው ስድስተኛዋ ቀን ያለችው።

የቴስቱን ዳታቤዝ በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ (ራም) ላይ ብቻ በሚቀመጥ ኤስኪውላይት፣ በአነስተኛ የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ አደረግኩት፤ ፈጣን ነው፣ ግን እያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ባዶ ዳታቤዝ ስለሚከፍት «ሰንጠረዡ የለም» ይላል። ሁለት ግንኙነት ከሚያስፈልግ ጊዜያዊ ፋይል ይሻላል። ቴስቶቹንም በ«ፕሩቭ» (በፐርል የቴስት ማስኬጃ) ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቄ አስኬዳለሁ፤ አንዱ ፋይል ሌላው በተወው መዝገብ ላይ ተደግፎ ከሆነ ያን ጊዜ ይጋለጣል።